ሁለት ዓይነት በቀል

መምህር መኩሪያ ለቡ ሰፈር በተከራየው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። በሻይ ብርጭቆው ሥር የአይጥ መርዝ ዘቅጧል። ሬሳውን ያየው የአከራዩ ልጅ ፍሮምሳ ነው። «ቤቱን ልቀቅ» እያለ ሲጨቃጨቀው መክረሙን ሰፈሩ ያውቃልና ፖሊሶቹ ፈጥነው ካቴና አጠለቁለት። ኢንስፔክተር አምሳለ ግን በችኮላ የሚታሰር ሰው አይዋጥላትም።

«ትናንት አመሻሽ መምህሩ ዘንድ ማን ነበር?» ስትል ፍሮምሳን ጠየቀችው።

«እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ቴዎና እትዬ እፀገነት።»

«ደውልላቸው። ‹ትፈለጋላችሁ› በል እንጂ ሞት የሚል ቃል እንዳይወጣህ።»

ቴዎ ደብተሩን ይዞ ከጎፋ ከች አለ። እፀገነትም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከብስራተ ገብርኤል መጣችና ደጃፉ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆመች። አምሳለ አየቻት። ቴዎን ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ማን ቀድሞ ወጣ?»

«እኔ። እሷ ጥያቄ አለኝ ብላ ቀረች። ‹ሪቬንጅ› እና ‹አቬንጅ› ምን ይለያቸዋል አለችው። ቲቸርም ሪቬንጅ የራስን ቂም መወጣት፣ አቬንጅ ደግሞ ለተበደለ ሌላ ሰው ፍትሕ መመለስ ነው ሲላት እየወጣሁ ሰማሁ።»

«ሻዩስ?»

«እሷ በፔርሙዝ ይዛ መጥታ ነበር። እኔ ስወጣ ገና አልተቀዳም።»

«ምን ለብሳ ነበር?»

«ሹራብ።»

አምሳለ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ፍሮምሳ የነገራችሁ ‹ትፈለጋላችሁ› ብቻ ነው። ቴዎ ትምህርት መስሎት ደብተር ይዞ መጣ። እርስዎ ግን እትዬ፣ ነጠላዎን ለሐዘን አዘቅዝቀው መጡ። ትናንት በሹራብ ነበሩ፤ ሐዘን አልነበረብዎትም። መርዶውን ማን ነገረዎት?»

የእፀገነት እጅ ወደ ነጠላዋ ሄደ። የጠላትም ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል ተብላ ያደገች ሴት ናት፤ ሬሳ ወዳለበት ቤት ስትመጣ እጇ ሳታዝዘው የለመደውን አደረገ።

«ሻዩም የተቀዳው ቴዎ ከወጣ በኋላ ነው» አለች አምሳለ።

«ልጄን ናፍቆትን ያኔ ደላላ ሆኖ ዐረብ አገር የላካት እሱ ነው» አለች እፀገነት ረጋ ብላ። «ደህና ቤት ነው ብሎ ማለልኝ። በሳጥን መጣችልኝ። እሱ እኮ መልኬን እንኳ አላስታወሰም፤ ፊቱ ተቀምጬ ስማር ከረምኩ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ማለት ይኸው ነው። አምሳለ የፍሮምሳን ካቴና አስፈታችና ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«ታዲያ ለናፍቆት ብለው ነው ያደረጉት?»

«ሻዩን ስቀዳ ለእሷ ነበር» አለች እፀገነት። «ሲያጣጥር ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ። ናፍቆት ትዝ ያለችኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።»