መስመሩ ለምን ታጠፈ

ሮቤ ውስጥ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ የቅየሳ ቢሮ ሐመልማል የምትባል ወጣት ትሠራለች። ሥራዋ የውሃ መስመር ንድፍ በኮምፒውተር መሳል ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ ይህን ማንም አይክድባትም። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም ነበር። ለሠራችው ፋይል ስም ስታወጣ «አዲስ» ትለዋለች። ሁለተኛው ሲመጣ «አዲስ 2»፣ ሦስተኛው «የመጨረሻ»፣ ከዚያ ደግሞ «የመጨረሻ በቃ»። ልጅ ወልዳ እንዲህ እያለች ስም ብታወጣ ኖሮ ጎረቤት ሁሉ በሳቀባት!

በዚያ ኮምፒውተር ከእሷ በፊት ይሠሩ የነበሩት ጋሽ ዓብዱልፈታሕ ናቸው። ባሌን በእግራቸው ያካለሉ ቀያሽ ነበሩ፤ ባለፈው መስከረም ጡረታ ወጥተው የአባታቸውን ቡና ሊንከባከቡ አንገቱ ወደምትባለው የቡና አገር ወረዱ። የእሳቸው ልማድ ሌላ ነበር። አንድ ሥራ ሲጨርሱ ፎልደሩ ላይ አጭር ማስታወሻ ይጽፉበታል። ማውሱን ለአፍታ ፎልደሩ ላይ ላሳረፈ ሰው ጽሑፉ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ብቅ ይላል፤ ማን እንደለካው፣ መቼ እንደተለካ፣ ምን እንደቀረው ይናገራል። በሁለት ጣት እየለቀሙ ስለሚጽፉ አንዷ ማስታወሻ ግማሽ ሰዓት ትፈጅባቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ፋይሉ እኮ ስም አለው። ይሄ ሁሉ ሐተታ ለማን ነው?» አለቻቸው ሐመልማል፣ ጡረታ ሳይወጡ በፊት አንድ ቀን፣ እየሳቀች።

«ስም ለሚያውቀው ሰው ይበቃዋል፣ ኢንተለ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የማያውቀው ግን ምክንያቱን ማን ይንገረው?»

«እርስዎ አሉ አይደል? ይጠየቃላ!»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ወደ ጽሕፈታቸው ተመለሱ።

እሳቸው በሄዱ በአምስተኛው ወር፣ ቀድመው የነደፉት የአንዲት መንደር የውሃ ሥራ ተጀመረ። መንደሯ በጎሮ መንገድ በኩል ያለች ስትሆን ሴቶቿ ውሃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ተኩል ይጓዛሉ። ቧንቧው ሲቆጠር ታዲያ አርባ ጎደለ። ሐመልማል ንድፉን ከፍታ አየችው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና አንድ ሜዳ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ሜዳውን ዞሮ ከማዶ እንደገና ይቀጥላል። በካርታው ላይ ሜዳው ባዶ ነው። ቤት የለ፣ ገደል የለ፣ እርሻ የለ።

«ጋሼ እዚህ ላይ ደክሟቸው ነበር መሰለኝ» አለች ለአለቃዋ ለአቤሴሎም። «ብናቀናው የጎደለው ቧንቧ አያስፈልገንም።»

«ደውለን ብንጠይቃቸውስ?» አለ አቤሴሎም።

«ቡና መሐል ኔትወርክ ከየት ያገኛሉ? ካርታው ባዶ ነው ካለ ባዶ ነው።»

አቤሴሎምም ተስማማ፤ መስመሩ ቀና፤ ሐመልማልም ተመሰገነች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እሷ ያን ጊዜ ያሰበችው ውሃውን ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። የሚደውለው የቧንቧውን ቦይ የሚቆፍረውን ኤክስካቫተር የሚነዳው ኢብሳ ነው።

«ሐመልማል፣ አንዲት እናት መጥተው ሜዳው መሐል ቁጭ ብለዋል። ብጠይቃቸው አይመልሱልኝም፤ ዝም ብለው ሣሩን ይዳስሳሉ። ምን ይሻላል?»

«ውሃው እኮ ለእሳቸው ነው! ፈቀቅ ይበሉ በላቸው። ቀኑ እየሄደ ነው።»

ይህን እያለች የድሮውን ንድፍ ፎልደር ፈለገች። ለወትሮው ቸኩላ ስለምትከፍተው ማስታወሻውን አይታው አታውቅም። ያን ዕለት ግን ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ስታወራ እጇ ማውሱ ላይ ቀረ፤ ትንሿ ሣጥንም ብቅ አለች።

«መስመሩ እዚህ ላይ የታጠፈው በስህተት አይደለም። ሜዳው ባዶ ይመስላል፤ ነገር ግን በኩፍኙ ዘመን የሞቱ አሥራ አንድ ሕፃናት አርፈውበታል። በጥድፊያ ስለተቀበሩ ድንጋይ እንኳ የላቸውም። የቀበሯቸው ሽማግሌዎች አልፈዋል፣ ወጣቶቹ አያውቁም፣ እናቶቹም ስለዚያ ጊዜ አያወሩም። አዴ ሰቢሪና ዳር ዳሩን ዞረው አሳይተውኛል። ሁለቱ የእሳቸው ናቸው። ከእኔ በኋላ በዚህ ወንበር የምትቀመጥ ወገኔ፣ አደራህን፣ አታቅናው።»

«ኢብሳ! ሞተሩን አጥፋ! የማሽኑን አካፋ መሬት እንዳታስነካ!»

«ማል ተኤ? ምን ሆንሽ?»

«አጥፋው ብቻ! መጣሁ!»

አቤሴሎም ጽሑፉን በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ሐመልማል መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ኀፍረት ነበረባት፤ ከኀፍረቱ የበለጠ ግን ምስጋና ነበር የሚያስለቅሳት። አንድ ሰው፣ ማን እንደምትሆን እንኳ ሳያውቅ፣ ከዚህ ክፉ ሥራ አድኗት ነበርና።

ሲደርሱ እናቲቱ፣ አዴ ሰቢሪና ራሳቸው፣ እዚያው ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ማሽኑም ጸጥ ብሎ ቆሟል። ሐመልማል ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ። አላወቅኩም ነበር።»

«አሁን ማን ነገረሽ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ጋሽ ዓብዱልፈታሕ።»

«ሄዷል አላሉም እንዴ?»

«ሄደዋል። ግን ጽፈው ነው የሄዱት።»

አዴ ሰቢሪና ሣሩን በእጃቸው ዳበሱ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጇን ያዙ። «ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ። እኔ ልናገር ብዬ አፌ እምቢ አለኝ። ለዚህ ነው የተቀመጥኩት።»

ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንላለን። መጮህ የማይችል ባለቤትም እንዳለ ግን እንረሳለን። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚጮህለት አስቀድሞ የጻፈ ሰው ነው።

መስመሩ እንደገና ታጠፈ። አርባው ቧንቧ እስኪመጣ መንደሩ ሦስት ሳምንት ጠበቀ፤ ምክንያቱን ሲሰሙ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ውሃው በፈሰሰ ማግስት ሐመልማል ጋሽ ዓብዱልፈታሕን በስልክ አገኘቻቸው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው ነበር። የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸውና እያለቀሰች አመሰገነቻቸው።

«እኔም በወጣትነቴ አንዱን መስመር አቅንቼ አውቃለሁ» አሏት ቀስ ብለው።

«ከሥሩ ምን ነበር ጋሼ?»

«ተይው። ያኔ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ነው የምጽፈው።» ትንሽ ቆዩና ሳቁ። «አሁንማ ቡናው ላይም ወረቀት እያንጠለጠልኩ ነው፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ፣ ጋሼ። እኔም ስቄ ነበር።»

በዚያው ሳምንት ሐመልማል «አዲስ»ን፣ «አዲስ 2»ን፣ «የመጨረሻ በቃ»ን አንድ በአንድ ከፈተች። ግማሾቹ ምን እንደነበሩ ለራሷም ጠፋባት። የምታስታውሳቸውን ስም ቀየረችላቸው፤ እያንዳንዱ ፎልደር ላይም ምን እንደሆነና ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ጻፈችበት።

ወገኖቼ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን ኮምፒውተር አላዩም፤ ነገሩን ግን ያውቁት ነበር። በቢሮም በቤትም ስንት ፋይል እናጠራቅማለን! ፋይሉ የሠራነውን ያሳያል፤ ለምን እንደሠራነው የምናውቀው እኛ ነን፣ እኛ ደግሞ ጡረታ እንወጣለን፣ እንታመማለን፣ እንረሳለን። ሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ቢያሰለቻችሁ፣ ነገ በእናንተ ወንበር የሚቀመጠውን ሰው አስቡት። የእሱ ምርቃት ለእናንተ ነው።

የጎሮው መስመር ፎልደር ዛሬም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ማውሱን ያሳረፈበት ሰው የጋሽ ዓብዱልፈታሕን ቃል ያነባል፤ ከሥሩም ይህ ተጨምሯል፦

«እኔ አቅንቼው ነበር። ይህን ጽሑፍ ሳነብ መልሼ አጠፍኩት። አንተም ከመቸኮልህ በፊት አንብብ። ሐመልማል።»