ኋላ መቀመጥ ይወዳሉ

ይሄ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ ሕልምም አይደለም።

ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ። ነገሩን ግን አልሳትኩም።

የመጀመሪያ መኪናችሁን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ መንጃ ፈቃዱ ገና ከኪሳችሁ ጋር ያልተላመደ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሰው ሁሉ የሚመክራችሁ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ነው። እኔ የምመክራችሁ ስለ ሌላ ነገር ነው...

ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ነበር። ጨለማ የለም፣ ጭር ያለ ነገር የለም፣ ፀሐዩ ጠራራ ነው። ሰፊ ግቢ፣ የብረት በር፣ አዲስ የታጠበ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ የቤት መኪና።

እኔ አትክልት ቸርቻሪ ነኝ። መንዳት የተማርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው። ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቴማ፣ «አንቺ መሪ ስትይዢ እኛ ዛፍ ላይ እንውጣ?» ብላኛለች። ይሳቁ። እኔ የያዝኩትን አልለቅም።

ደግሞም ምክንያት ነበረኝ። ልጄ የመጀመሪያዋን ስታምጥ፣ እኛ ያለንበት ዳገት ላይ የሚወጣ መኪና ጠፋ። ደግፌ በእግሯ አወረድኳት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሕፃኗ በሕይወት አልነበረችም። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ይዛለች፣ ወሯ ገብቷል። ባሏ ሥራው ሩቅ ነው። ያንን ቁልቁለት ዳግመኛ በእግሯ አላወርዳትም ብዬ ምያለሁ።

መኪናዋን ለማየት ታናሽ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። መካኒክ ነው፣ ሰፈሩ «ቡሎን» ነው የሚለው። መንገድ ላይ ሲመክረኝ ነበር። በቀን እዪ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ አስነሺ፣ ምንጣፉን ገልጠሽ ዝገት ፈልጊ፣ ለምን እንደሚሸጣት ጠይቂ፣ ሳትገዢ በፊት ራስሽ ንጃት። ደግ ምክር ነው፣ እናንተም ያዙት።

ሻጩ ለሽምግልና የተጠጋ፣ ለስላሳ ሰውዬ ነው። ከደረጃው አልወረደም። ቁልፉን ከሩቅ ለቡሎን ወረወረለት።

እኔን ደግሞ «እርስዎ» አለኝ።

ብትስቁም ሳቁ... የእኔ ስም ዕድሜ ልኬን «አንቺ ሴትዮ» ነው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው «እንደምን ዋሉ፣ ይግቡ» ሲለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ቡሎን ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሰውዬው ከእኔ ጋር ያወራል፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም። የኋላውን መስኮት ነው የሚያየው።

«ኋላ መቀመጥ ይወዳሉ» አለ ዝግ ብሎ።

ሹፌር ያላት ወይዘሮ መስዬው ነው ብዬ ኮራሁ። የምነዳው እኔው ነኝ አልኩት እየሳቅኩ።

አልሳቀም።

«ሲፈጥን ይቆጣሉ። ሬዲዮም አይወዱም።»

ምኑን አውቆኝ ነው? ግን ደግሞ እውነቱን ነው፣ ፍጥነት አልወድም። ከፊቴ አንብቦ ነው አልኩ።

ለምን እንደሚሸጣት ጠየቅኩት።

«ቤታችን ሰው በዛ» አለ።

እኔ ግን በዚያ ቤት ያየሁት ሚስቱን ብቻ ነው። እሷም ከመጋረጃው ኋላ ቆማ።

ቡሎን ልብሱን እያራገፈ ወጣ። ሞተሩ ሰላም ነው፣ ዝገትም የለ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አላማረውም። መኪናዋ ከኋላ ዝቅ ብላለች፣ ጭነት ያለባት ትመስላለች። የዕቃ መጫኛውን ከፈትን። ባዶ። ሞላው ደክሞ ይሆናል፣ እቀይርልሻለሁ አለ።

ለሙከራ ዞር ዞር ስናደርጋት ሰውዬው አብሮን እንዲገባ ጋበዝኩት። እጁን አወዛወዘ።

«እኔ ቦታ አልሻማም።»

ዋጋ ላይ አልተከራከረኝም። ደስ አለኝ... ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

ገዝተናት ከግቢው ስንወጣ መስኮቴ ክፍት ነው። ሚስትየው ከደረጃው ላይ ባሏን በሹክሹክታ ስትጠይቀው ሰማኋት።

«ሄዱ?»

«ሄዱ።»

ቡሎንን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ሰማህ ወይ፣ ዞር ስል እንኳ በአንቱታ ነው የሚያነሱኝ አልኩት። እሱ አንገቱን አዙሮ ባዶውን የኋላ ወንበር ያይ ነበር።

ከዚያ ትንንሽ ነገር ጀመረ።

በሬን ስዘጋ ሌላ በር ይከተለኛል... ቀስ ብሎ፣ ጨዋ ሰው እንደሚዘጋው።

በጠራራ ፀሐይ የኋላው መስታወት ከውስጥ ላብ ያወጣል። ብጠርገው መልሶ ያው ነው።

ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ከኋላዬ... «እህም።» ልጅ ሲያጠፋ አባት ጉሮሮውን እንደሚጠርገው። ሬዲዮ ስከፍት... «እህም።» ጭስ ማውጫው ተበስቶ ነው እያልኩ ራሴን አስረዳለሁ። እግሬ ግን እኔን ሳይጠይቅ ከነዳጁ ላይ ይነሳል።

ቡሎን ሞላውን በአዲስ ቀየረው። መኪናዋ ከክሪኩ ስትወርድ ቀና አለች። ቀና ብላ ቆየች። ከዚያ... ዝቅ አለች። አንዴ በግራ። ትንሽ ቆይታ በቀኝ።

ቡሎን የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እታለም፣ መልሻት።»

«ደግሞ ምን ሆነች?»

«አላውቅም። መልሻት ብቻ።»

እኔ ደግሞ መልሺ ሲሉኝ አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ። ልጄ ዛሬ ነገ እያለች፣ መኪናዋን መልሼ በምኔ ላወርዳት ነው? በጀርባዬ? ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን ተለያየን።

ቀኑ ደረሰ። ገና ምሳ ሳይበላ ልጄ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«እማ... ጀመረኝ።»

የሕፃኑን ልብስ ጥቅል በኋላው ወንበር ላይ ወረወርኩት። ልጄ ትከተለው ብዬ በሩን ያዝኩላት። ጎንበስ አለች... ቆመች።

«ግቢ እንጂ።»

«ቦታ የለም።»

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ወደ ውስጥ አየሁ። ማንም የለም። ጥቅሉ ግን ወንበሩ ላይ አላረፈም። ከወንበሩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል... ሰው ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠው።

ቁልቁለቱን አየሁ። የልጄን ፊት አየሁ።

«ፊት ግቢ» አልኳት።

ነዳሁ። ያለ ልኬ ነዳሁ። ያንን ጉሮሮ ጠረጋ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ... የለም። መኪናዋ ውስጥ ከልጄ ትንፋሽ በቀር ምንም የለም። ትንፋሿ ደግሞ የአንድ ሰው ትንፋሽ አይመስልም ነበር። እሷ ስትስብ ኋላም ይሳባል።

አቃሰተች።

«አይዞሽ» አለ አንድ ድምፅ። ከሌላኛው ጎን ደግሞ ሌላ... «አይዞሽ።»

ልጄ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «አይዞሽ አትበይኝ እማ... ዝም ብለሽ ንጂ» አለችኝ።

እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ደረስን። በአንድ እጄ ልጄን ደግፌ፣ በሌላው የኋላውን በር ከፍቼ ጥቅሉን ሳብኩ። የሆነ ነገር ያዝ አደረገው... ከዚያ ለቀቀልኝ። እጄ ሞልቷልና በሩን ወለል አድርጌ ትቼው ሄድኩ። ዞር ስል የሐኪም ቤቱ ዘበኛ በሩን ይዞ ቆሟል። ምነው አትዘጋውም አልኩት።

«ወርደው ይጨርሱ ብዬ ነው።»

እኔ እኮ ከወረድኩ ቆየሁ።

ግን ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች፣ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም።

ከክፍሉ ውጪ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። ጥቅሉን አቅፌ ጠበቅኩ። በመጨረሻ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ... አዋላጇ ብቅ ብላ ወንድ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አለችኝ። ጥቅሉን ተቀብላኝ ገባች። እንደ ልጅ አለቀስኩ። ያቺን መኪና መረቅኳት፣ እውነቴን ነው።

ስልኬ ጠራ። ሻጩ ነው።

«ደህና ገቡ?»

ወይ ጨዋነት፣ እስከ ዛሬ ያስበኛል አልኩ። ደህና ገብቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት።



«እርስዎን አይደለም» አለ በሹክሹክታ። «እነሱን ነው የጠየቅኩት።»

ያኔ ነው የገባኝ። ኋላ መቀመጥ ይወዳሉ። ሲፈጥን ይቆጣሉ። ሄዱ... አንዱም ስለ እኔ አልነበረም። በቋንቋችን አንድ ሰው ሲከበርና ብዙ ሰው ሲሆን አነጋገሩ ይገጥማል። እኔ ክብር ስለራበኝ ሁሉንም ለራሴ ወሰድኩት።

ምክሬ ይሄ ነው እንግዲህ። ሻጩ በአንቱታ ሲያናግራችሁ፣ ማንን ነው በሉት። አትፈሩ። ጠይቁት።

«አሁን የት ነው ያሉት?» አለኝ ሰውዬው በስልኩ።

ሐኪም ቤት፣ ልጄ ወልዳ አልኩት።



«እናቴ... በሩን ከፈቱላቸው?»

ስልኩን አግዳሚው ላይ ጥዬ ተነሳሁ። የክፍሉ በር ላይ ትንሽ መስታወት አለች። በእሷ አየሁ።

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አዋላጇ የለችም። የሕፃኑ አልጋ ባዶ ነው።

ሕፃኑ ክፍሉ መሐል ነበር... በፎጣ እንደተጠቀለለ፣ ከመሬት በሰው ደረት ልክ ከፍ ብሎ። ከሥሩ ምንም የለም። አያለቅስም። ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ይቆማል፣ በዝግታ ወደ ጎን ያልፋል... ይቆማል... ደግሞ ያልፋል።

ዘመድ ሲሰበሰብ አራስ ልጅ ከእቅፍ ወደ እቅፍ እንደሚቀባበሉት።

እና ዓይኑ ተገልጧል። ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል... አንድ በአንድ፣ ፊት ፊታቸውን እያየ።