ስምዎን ብቻ ይንገሩን

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ በሌሎች ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር፤ ዝም ማለት ልማዴ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ጅግጅጋ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት የነበረው ዋርፋ፣ ደንበኞቹ የይለፍ ቃላቸውን እየረሱ ስላስቸገሩት አንድ ዘዴ ፈጠረ። የሁሉንም የፌስቡክ የይለፍ ቃል ኮምፒውተሮቹ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛው ስሙን ይናገራል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ሲጫኑት ገጹ በራሱ ይከፈታል። በፌስቡክ የሚገባባቸው ሌሎች ድረ ገጾችም አብረው ይከፈታሉ። ከተማው ሁሉ ዋርፋን አመሰገነ።

በሩ ላይ የተሰቀለውን «ስምዎን ብቻ ይንገሩን» የሚል ታፔላ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ባልዘልም አንድ ፊደል አልሳትኩም። «ሌላ ሰው ስሜን ቢናገርስ?» የሚል ጥያቄ ግን በልቤ መጥቶ ነበር። ለመጠየቅ ዐፈርኩ።

ዐኒሳ አዋላጅ ነርስ ናት። ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ካጣች በኋላ፣ እናቷ ብቻዋን ታማ በምትኖርበት በአፍደም ከተማ ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ። ዋርፋ ቤት ሆና በአንድ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ አመለከተች። የገባችውም በፌስቡኳ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ይሁን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ እዚያው ቤት ተቀምጦ ስሞቹን ሲመለከት የዐኒሳን ተጫነ። በሥራ ማስታወቂያው ድረ ገጽ ላይ ከቀጣሪዎቹ የተላከ «ሰኞ ለቃለ መጠይቅ ይመጣሉ?» የሚል መልእክት አገኘ። «ባል አግብቻለሁ፤ አልመጣም» ብሎ መለሰላቸው። ለእሱ ጨዋታ ነበር።

ዐኒሳ መልስ ስትጠብቅ ሰንብታ ብትደውል ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል፤ ምክንያቱንም ነገሯት። እኔ የዋርፋን ግድግዳ ስቀባ እየሮጠች መጣች።

«ዋርፋ፣ እስቲ ባሌን አሳየኝ!»

«የምን ባል?»

«እዚህ ቤት የዳርከኝን ነዋ!»

ይሁን ከወንበሩ ሳይነሳ ሳቀ። «አቦ ተይ፣ እኔ ነኝ። ቀልድ እኮ ነው። ደግሞ ባል ብታገኚ ምን ይከፋሻል?»

«ወላሂ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ዋርፋ። «ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው ያቀለልኩት። ስምሽን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።»

ይህን ስሰማ ዝምታዬ አቃጠለኝ።

«ጋሽ ዋርፋ፣» አልኩ ብሩሼን አስቀምጬ፣ «ቀድሞ እስከ ጅቡቲ ድንበር ደወሌ ድረስ ሲነግዱ፣ ፖሊስ መታወቂያዎን ስላየ ብቻ ጭነትዎን አሳልፎልዎት ያውቃል?»

«እንዴት ሆኖ! የጭነቱን ፈቃድ የሚሰጠው ጉምሩክ ነው። መስኮቱም ሌላ ነው።»

«መታወቂያ ሳያሳዩ፣ ስምዎን ብቻ ተናግረውስ?»

«ዋርያ፣ አብደሃል? እንደዚያማ ቢሆን ስንቱ ሌባ በኔ ስም ዕቃ…» አለና ቆመ።

«እዚህ ቤት ግን ማን መሆናችንን የሚያጣራ የለም፤ ምን እንደተፈቀደልንም የሚጠይቅ የለም። ሁለቱንም መስኮት ዘግተን በሩን በርግደን ከፈትነው። ታፔላውን ደግሞ እኔ ጻፍኩላችሁ።»

ለአንድ ጆንያ ስኳር ሁለት ቦታ የምንፈተሽ ሰዎች፣ የአንዲት ሴት እንጀራና ስም ሲሆን ማንም እንዲገባበት እንተዋለን! ቀልደኛው ጣቱን አነሳ፤ ጣቱ የሚደርስበትን ቦታ ያመቻቸነው ግን እኛ ነን።

ዋርፋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ስሞቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ። የዐኒሳ ላይ ሲደርስ ወንበሩን ለቀቀላት።

«የራስሽን አንቺው አጥፊው፤ በድዬሻለሁ» አላት።

ተጫነችው፤ ጠፋ። ወደ ይሁን ዞረች።

«አፍደምን የሚመልስልኝስ የቱ ጋ ነው የሚጫነው?»

ይሁን አንገቱን ደፋ።

እኔ ወጥቼ ታፔላውን አወረድኩና በጀርባው ጻፍኩ፦ «የይለፍ ቃልዎን ለማንም አይንገሩ፤ ለእኛም ቢሆን።»