ከክቡ ብርጭቆ ኋላ

እኔ አልሐምዱሊላህ ማለት የምጀምረው ከድሬዳዋ ሙቀት ነው። ሳቁብኝ! ያ ሙቀት ባይኖር በጠዋት የተቀጠፈ አበባ እስከ ቀትር አይጠወልግም፤ አበባው ባይጠወልግ ደግሞ እኔ ዓናብ፣ ሰማታርን ከየት አገኘው ነበር?

እናቴ ወገቧን ታማ መጋላ ሰፈር ቤታችን ተኝታለች። አበባ ስትወድ ለጉድ ነው። ከከዚራ ሰፈር ግቢዎች ለምኜ የማመጣላት ጽጌረዳ ግን ምሳ ሳይደርስ ጭምድድ ይላል። ልብስ የምሰፋላቸው የግሪክ ሴትዮ፣ ውሃ በሞላ ክብ ብርጭቆ ውስጥ አበባ ቀናት እንደሚቆይ አሳዩኝ። ብርጭቆ ፍለጋ ሰማታር ፋኖስ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁና የመብራቱን ክብ ብርጭቆ ብቻ እንዲሸጥልኝ ጠየቅኩት።

«መብራቱስ?» አለኝ።

«መብራት አልፈለግኩም። አበባ ላጠልቅበት ነው።»

«ወላሂ፣ ይሄንንማ ሳላይ አልቀርም!»

ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም። እኔም፣ ልዋሽ እንዴ፣ ቶሎ አልወጣሁም።

ብርጭቆውን ቤት ድረስ ይዞልኝ መጣ። ሥራው ለካ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ፣ ድንጋይ የታሰረበትን አበባ ሳህን ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው ብርጭቆውን እዚያው ውሃ ሞልቶ ይደፋበታል፤ ከዚያ እንደተደፋ ከነሳህኑ ይወጣል። ትንሽ አየር ከገባ ውበቱ አለቀ። ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ ከሶላት መልስ እየመጣ፣ እናቴ እያየችን እንሠራ ነበር። ውሃው ውስጥ እጃችን ሲነካካ ሁለታችንም ቶሎ አናነሳውም።

ሰማታር ሽማግሌ ላከ። አባቴ ዐብዱላሂ ግን አሻፈረኝ አለ።

«ትናንት ከዋሂል ገጠር ለመጣ፣ ዘመዱን ለማላውቀው ልጅ አልሰጥም!»

ሰማታር አባቴን አክብሮ ቀረ። እኔ ቀንም ሌሊትም አለቀስኩ። ብቻዬን ልሠራ ብሞክር አየር እየገባ አበላሸብኝ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ምግብም ቀነሰች።

አባቴ ይሄን ሲያይ እጅጌውን ሰበሰበ። «ይሄ ምን ያቅታል!» ብሎ ሳፋው ላይ ተቀመጠ። የአበባውን ዘንግ ሰበረ፤ ሽርጡን አራሰ፤ ብርጭቆው ግማሹ አየር ሆነ።

«አቦ! ያንን ልጅ ጥሩት» አለ በመጨረሻ። «ለአበባው ብቻ ነው!»

ሰማታር አንገቱን ደፍቶ መጣ። እንደ ድሮው አብረን ሠራን። ብርጭቆውን በእናቴ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እኛ ከብርጭቆው ኋላ ተንበርክከን ሳህኑን ስናስተካክል፣ ማንም አያየንም ብሎ ጣቶቼን ያዘ። እኔም አጥብቄ ያዝኩት፤ ሁለተኛ የማገኘው አልመሰለኝም።

የሁለት ሞኞች ነገር! ውሃ የሞላ ክብ ብርጭቆ ለካ ከኋላው ያለውን ያጎላል። በጽጌረዳው መሃል የተቆላለፉት ጣቶቻችን ሙዝ ሙዝ አክለው ታዩ።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ወገቧን ይዛ፣ «ዋይ ዋይ» እያለች ሳቀች። ከታመመች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

አባቴ እሷን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«ወሪያ!» ብሎ ሰማታርን ጠራው።

«አቤት» አለ ሰማታር፤ እጄን ለቀቀኝ።

«ነገ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።» ወደ እናቴ ጠቆመ። «ይህችን ሴት ያሳቀልኝ ሰው ዘመዴ ነው።»

እኔ እንባዬ መጣ። እናቴ ግን ገና ስቃ አልጨረሰችም።