ለሦስት ሰው ብቻ

ኮሪንን መጀመሪያ ያየኋት ቦታዬን ስለቅላት ነው። ከዚያ በኋላም ያየኋት በአብዛኛው ስትሄድ ነው።

ከዋሽንግተን ወደ ቨርጂኒያ የምንመለስ ሰዎች ማታ ማታ እንሰለፋለን። በአውራ ጎዳናው መሃል ግራና ቀኙ የታጠረ ፈጣን መስመር አለ፤ መኪና ውስጥ ሦስት ሰው ከሌለ አይገባበትም። ስለዚህ ብቻውን የሚነዳ ሰው ከሰልፋችን ሁለት የማያውቃቸውን ሰዎች ይጭናል። ሒሳብ የለም። እሱ መንገድ ያገኛል፣ እኛ መኪና። ደንቦቹን ማን እንዳወጣቸው አይታወቅም፤ ግን ከፖሊስ ይልቅ ይከበራሉ። ሾፌሩ ካልጀመረ ተሳፋሪ አይናገርም። ተራ አይዘለልም። ሴት ሰልፉ ላይ ብቻዋን አትቀርም።

እኔን የጎዳኝ የመጨረሻው ነው።

ኮሪን ከቢሮ የምትወጣው ዘግይታ ነው። ስትደርስ ሰልፉ ላይ የቀረነው እኔና ሚስተር ሃስኪንስ ብቻ ነን። ሚስተር ሃስኪንስ ጉልበቱን የሚያመው፣ አፉን ግን ምንም የማያመው ሽማግሌ ነው። መኪና ይመጣል። እኔና እሱ ከገባን እሷ ብቻዋን ልትቀር ነው። ሾፌሩ ደግ ቢሆን ሦስታችንንም ይጭን ነበር፤ ግን የሁሉም የኋላ ወንበር ከአንድ ሰው ቦታ በቀር በሕፃን መቀመጫና በአስቤዛ የተሞላ ነው።

«ሂጂ፣ እኔ እጠብቃለሁ» እላታለሁ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አልቸኩልም።»

መኪናው ይዟት ይሄዳል። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ነበር።

እዚያው ሰልፉ ላይ አታወራትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። በመሃላችን ሚስተር ሃስኪንስ ይቆማል። እሱ ባለበት ሌላ ሰው አያወራም።

አንድ ማታ ለእሱ ስትነግረው ሰማሁ።

«ወደ ኦማሃ እናዛውርሽ ብለውኛል። መልስ እየጠበቁ ነው።»

«እዚያ ሩቅ ኦማሃ ደግሞ ምን አለ ልጄ?»

«ሥራ አለ። እዚህስ ምን አለኝ? አብሮኝ መኪና መግባት እንኳ የሚፈልግ ሰው የለም።»

ይህን ስትል አየችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት መኪና መጣ።

«ሂጂ» አልኳት። «አልቸኩልም።»

ቤቴ ስደርስ ነው የገባኝ። ለካ እስከ ዛሬ የሸሸኋት መስሏታል... ምን ላድርግ? ስልኳን አላውቅም። ቤቷን አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ መኪና ውስጥ መናገር የሚፈቀድለት ሾፌሩ ነው።

እህቴ ዊኖና ጋ ደወልኩ።

«ነገ መኪናሽን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ላወራበት።»

«ሌላንድ፣ ጠጥተሃል?»

ቢሆንም ሰጠችኝ።

በማግስቱ ማታ ሰልፉ ጋ ደረስኩ። ከፊት ሚስተር ሃስኪንስ፣ ቀጥሎ ጆሮውን በሙዚቃ የደፈነ ወፍራም ሰው፣ ከዚያ ኮሪን። ተራ አይዘለልም። ሁለቱ ገቡ። እሷ ብቻዋን ቀረች።

መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። «ሴት ብቻዋን አትቀርም» አልኩ። «ግቢ። የኋላ ወንበሩን ጠርጌዋለሁ።»

ጎንበስ ብላ አየችኝ። «አንተ ነህ እንዴ?» አለችና ገባች።

መብቱ አሁን የእኔ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ሙቀቱ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል።»

ትንሽ ሄድን።

«ልጨምረው?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

ወደ ፈጣኑ መስመር ገባን። ብዙም ሳንሄድ የፊቱ መኪኖች ቀይ መብራት አበሩ፤ የጭነት መኪና ተገልብጧል። በግራ አጥር፣ በቀኝ አጥር። ወደፊት አይኬድ፣ ወደኋላ አይመለስ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ዝግተኛው መስመር እያዘገመ ያልፈን ጀመር።

«ምናልባት...» አልኩ። «ምናልባት ሙቀቱን ልቀንሰው?»

ሚስተር ሃስኪንስ ከጎኔ ተነፈሰ።

«ስማ ሌላንድ። ክረምቱን በሙሉ ብርድ ላይ የቆምከው ስለ ማሞቂያ ልታወራ ነው?» ወደ ኋላ ዞረ። «ልጄ፣ ይሄ ሰው ቦታውን የሚለቅልሽ ብቻሽን እንዳትቀሪ ነው። እኔ መልቀቅ ነበረብኝ። ጉልበቴ እንቢ አለኝ።»

ኮሪን ከኋላ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«የምትሸሸኝ ነበር የመሰለኝ» አለች ኮሪን።

«እኔ?» አልኩ። «በየቱ እግሬ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሾፌር አልነበርኩማ።»

በመስታወቱ ውስጥ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሌላንድ... ዛሬ ጠዋት እሺ አልኳቸው። ቤቴን ለቅቄያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። በቦታዬም ሌላ ሰው መድበዋል።»

መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። የቆመ መኪና መሪ ምን ይሠራል?

«መቼ ነው?» አልኩ።

«ሰኞ ጠዋት።»

«አውሮፕላን ጣቢያ እኔ ላድርስሽ።»

«ሁለት ሰው ነን እኮ። ፈጣኑ መስመር አይፈቀድልንም።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ገባት። ሰኞ ጠዋት ዝግተኛው መስመር ማለት ተቆሞ የሚዋልበት ነው። ያልተወራው ሁሉ ይወራበታል።

«እኔ ልምጣና ሦስት እንሁን» አለ ሚስተር ሃስኪንስ።

«አይሆንም» አልን ሁለታችንም።

ሰኞ ሳይነጋ የዊኖናን መኪና እንደገና ተውሼ ሻንጣዋን ጫንኩ። ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጠች። አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ ባዶ ነበር። በአጥሩም ውስጥ ባዶ፣ ከአጥሩም ውጪ ባዶ። የፕሬዝዳንቶች ቀን ነው፤ መሥሪያ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። እኔ ሥራ እንደማልገባ አውቅ ነበር፤ ሌላውም ሰው እንደማይገባ ግን አላሰብኩም። የፈጣኑ መስመር ሰሌዳ «ዛሬ ለሁሉም ክፍት» ይላል።

«በየቱ ልሂድ?» አልኳት።

«በዝግተኛው።»

በዝግተኛው ሄድኩ፤ ጭራሽ እንደ ሰርገኛ እያዘገምኩ። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። እጇን እጄ ላይ አድርጋ፣ እናቷ እንዴት እንደምትዘፍን፣ ለምን ድመት እንደምትፈራ ነገረችኝ። እኔም ክረምቱን በሙሉ ስትሄድ ከኋላ የማየው ሰማያዊ ሻርቧን እንደምወደው ነገርኳት። ገና ብዙ ነበረን። መንገዱ አለቀ።

አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ አቅፌያት ስቆም ጥበቃው መጣ።

«እዚህ መቆም ክልክል ነው ወንድሜ።»

«ሂጂ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«አልቸኩልም» አለች፤ ትንሽ ቆማ ሻርቧን አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። ከዚያ ገባች።

ስመለስ ፈጣኑ መስመር ለአንድ ሰውም ክፍት ነበር።