ያልወጣው አሻራ

«አታንብቢልኝ፤ የት እንደምፈርም ብቻ አሳዪኝ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ማርሌኒ ለልጇ።

የአሥራ አራት ዓመቷ ዩሊሳ ግን አንብባ ጨርሳለች። «የአምስተኛውን ፎቅ መስኮት ከውጭ በኩል የምወለውለው በራሴ ፈቃድ ነው። ብወድቅ ሕንፃውም ሆነ አስተዳዳሪው አይጠየቅም» ይላል ወረቀቱ።

«ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ አስተዳዳሪው ዶን አውሬሊዮ ላቡን እየጠረገ። «ነገ የነዋሪዎች ስብሰባ ነው። በገመድ ተንጠልጥለው የሚያጸዱት ሰዎች ደግሞ እስከሚቀጥለው ሳምንት አንመጣም ብለዋል።» ክፉ ሰው አይደለም፤ የነዋሪዎቹ ምላስ ግን እንቅልፍ ይነሳዋል።

«እማ፣ የመስኮቱ ጠርዝ እኮ የእግርሽን ያህል እንኳ አይሰፋም!»

«ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም» አለች ማርሌኒ በሹክሹክታ። «ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው?»

መጻፍ የምታውቀውን ሁለት ነገር ብቻ፣ ስሟንና የመታወቂያ ቁጥሯን፣ ጻፈች። ሜዴሊን ከተማ ውስጥ ፊርማ ያለ አሻራ አይታመንምና ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ ጫነችው። ጥቁር ነጥብ ብቻ ወጣ፤ አንድም መስመር የለውም። ደግማ ጫነች፤ ያው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ጓንት በረኪና ውስጥ የዋለ ጣት ምን አሻራ ይኑረው!

«ኧረ የማንም ይሁን!» አለ ዶን አውሬሊዮ። «አንቺ ልጅ፣ ነይ የአንቺን አድርጊበት። ማን አጉሊ መነጽር ይዞ ያየዋል?»

ማርሌኒ ቀና ብላ አላየችም። ዩሊሳ ጣቷን ቀለም አስነካችና ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፈው ቆመች። እናቷ ብትወድቅ «ማንም አይጠየቅ» ያለው ጣት የእሷ ሊሆን ነው።

«እርስዎም ከጎኑ ይፈርሙ» አለች። «‹አሻራው የማርሌኒ ሳይሆን የልጇ ነው፤ አድርጊ ያልኳትም እኔ ነኝ› ብለው ይጻፉ። ያን ጊዜ አደርጋለሁ።»

ዶን አውሬሊዮ እስክሪብቶውን አነሳ። ወረቀቱን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«ምን ያለችው ምላሳም ናት!» አለና እንደ መሳቅ አደረገው። «በይ ማርሌኒ፣ ከውስጥ ብቻ ወልውዪው። ነገ የሚጮህ ነዋሪ ካለ የውጩን ራሱ ወጥቶ ይወልውል።»

ወረቀቱን ጥሎ ሲሄድ ማርሌኒ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዴት ስፈራ እንደዋልኩ ብታውቂ!» ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለ። ዩሊሳም እፎይ ብላ በቀለማም ጣቷ የእናቷን አፍንጫ ነካች፤ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ማርሌኒ ያንኑ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

«አሁን አንብቢልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል? አለቀ እኮ፣ እማ።»

«አንብቢልኝ አልኩሽ። ቀስ ብለሽ፤ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድሽ።»

ዩሊሳ ያንን አሻራ የሌለውን ጣት ያዘችና ከመጀመሪያው ቃል ሥር አሳረፈችው።