ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ

«ስምንት ደቂቃ ብለሽ ጻፊ» አላት ኔቪል።

ጂሊያን እስክሪብቶዋን ከመዝገቡ በላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ትናንት ከትምህርት በኋላ በእርሳስ የጻፈችው ቁጥር ፊቷ ላይ ተቀምጧል፤ ሃያ ዘጠኝ። በትምህርት ቤቱ የራዲዮ ክበብ ደንቡ ይኸው ነው፤ የተሰማው ነገር እንደተሰማ በእርሳስ ይመዘገባል፣ በማግስቱ በቀለም ይደመቃል። መዝገቡን እሷ የምትይዘው ከሁሉም ይልቅ ጽሑፏ ስለሚነበብ ነው።

«ሃያ ዘጠኝ ነበር እኮ።»

«ሰዓትሽ ተሳስቶ ይሆናላ።»

«የያዝኩት የሚስተር ሆልዲችን ሰዓት ነው።»

«እንግዲያው የመምህራችን ሰዓት ተሳስቷል። ምን ታካብጃለሽ ጂል?»

ሶቪየቶች በሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ነገር ወደ ሰማይ ልከዋል። «ኮስሞስ» ብለው ቁጥር ሰጡትና ዝም አሉ። ምን እንደሆነ፣ ሰው ይኑርበት አይኑርበት፣ አልተናገሩም። ትናንት ታዲያ ኔቪል ከጦር ሠራዊት በተረፈው አሮጌ ራዲዮ ሲያስስ አገኘው። ጧ... ጧ... ጧ። ልክ እንደ ልብ ምት። እየቆየ ቀሰስ አለ፣ ከዚያ ይበልጥ ቀሰስ አለ፣ በመጨረሻም ቆመ። ኔቪል ማዳመጫውን ሲያወልቅ ፊቱ ወረቀት መስሎ ነበር። «ሰው ነበረበት» አለ። «አሁን ሞተ።»

ማታውን ለእናቱ ነገራት፣ እናቱ ደግሞ ለአውራጃው ጋዜጣ ደወለች። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ጋዜጠኛ ይመጣል።

«ፎቶ ስትነሱ እኛን እንዳትረሱ» አለ የክፍላቸው ልጅ ዴዝሞንድ ከበሩ ሥር ሳንድዊቹን እያኘከ። «ጂል ላሟን አቅፋ ትነሳ።»

«አንተ ብላና ውጣ» አለው ኔቪል።

ጂሊያን በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥር ደግማ አየችው። ዝቅ ብሎ የሚበር ነገር ከአንዱ አድማስ ወጥቶ በሌላው እስኪጠልቅ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ የተሰማ ነገር ሰማይ ላይ አይደለም። ይህን ያስተማራት ራሱ ኔቪል ነው። አምና ልጆቹ «እበት እበት ትሸታለች» እያሉ ሲሸሿት፣ «ጆሮዋ ከናንተ ይበልጣል» ብሎ ከጎኑ ያስቀመጣትም እሱ ነው።

ደግሞም ሌላ ነገር ታውቃለች። ጠዋት ቁርስ ላይ አባቷ ሲያጉረመርም ነበር። ትናንት ረፋድ ላይ የከብቶቹን የኤሌክትሪክ አጥር ወደ ታችኛው መስክ አዛውሮት፣ አመሻሹ ላይ ባትሪው አልቆ ጊደሮቹ የጎረቤታቸውን የሚሲስ ፕሪቻርድን ጎመን ሲፈጁ ተገኙ። «ከማለቁ በፊት ምቱ እየዘገየ ይሄዳል፤ ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ» አለ። ታችኛው መስክ ከትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ጀርባ ነው። የአጥሩ ሳጥን ሽቦውን በኤሌክትሪክ በመታ ቁጥር ደግሞ አቅራቢያው ያለ ራዲዮ ጧ ይላል።

«እውነት ሰው ነበር ትላለህ?»

«አንቺም ሰምተሻል።» ኔቪል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጂል፣ ሰውዬው ሞቷል፣ እነሱም ደብቀውታል። እኛም ዝም ካልን ማን ይናገርለታል? በሃያ ደቂቃ ምክንያት ይቅር?»

ማታ እሷም ለዚያ ሰው ጸልያለች።

«ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ማዳመጫውን አድርግ» አለችው። «ትናንት የነበረበት ላይ ተወው፣ አትነካካው።»

«ለምን? አሁን የሚያልፍ ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። ዝም ብለህ ስማ።»

በትምህርት ቤቱ የቁጥቋጦ አጥር ቀዳዳ ወደ ታችኛው መስክ ሾልካ ወጣች። አባቷ ከትምህርት ስትመለስ እንድትቀጥለው የተሞላ ባትሪ ከሳጥኑ አጠገብ ጆንያ አልብሶ ትቶላታል። ጊደሮቹ አፍንጫቸውን እያስረዘሙ ከበቧት። የመጀመሪያውን የሽቦ መቆንጠጫ ባትሪው ላይ አጠበቀች። ሁለተኛው እጇ ላይ ቀረ።

ከዚያ ሆና የክበቡ መስኮት ይታያታል፤ ኔቪል ራዲዮው ላይ አጎንብሷል። ተመልሳ ስምንት ብትጽፍ የሚያውቅ የለም። ጊደሮች አይናገሩም።

መቆንጠጫውን አገናኘች። ሳጥኑ ጧ አለ። አሥር ቆጠረችና ነቀለችው። አምስት ቆጥራ መልሳ ሰካችው።

ኔቪል ቀና አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጥቶ አያት። እሷም እጇን አላውለበለበችም።

ስትመለስ ዴዝሞንድ ሄዷል። ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ጧ... ጧ... ይላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አላት፣ ሳያያት።

«ከጠዋት።»

«ለሆልዲች ነግረሻል?»

«ለማንም።»

ኔቪል አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «እንግዲያው ማንም አልሞተም» አለ። ደስ ያለው አይመስልም፤ ያዘነም አይመስልም።

«አልሞተም።»

ውጭ የመኪና ጎማ ጠጠሩን ሲያንኮሻኩሽ ተሰማ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

ጂሊያን ተቀምጣ እስክሪብቶዋን አነሳች። በእርሳስ በተጻፈው ላይ፣ ቀስ ብላ፣ ሃያ ዘጠኝ ብላ በቀለም ጻፈች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት። «ምንጭ» የሚለውን ዓምድ ግን ባዶውን ተወችው፤ መዝገቡን አዙራ፣ እስክሪብቶውን ከላዩ አድርጋ፣ ወደ ኔቪል ገፋችው።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ይቀርባል። ኔቪል እስክሪብቶውን አየው፣ ከዚያም ወንበሩን ሳበ።